ባሕሩን ከዳር ሆኖ የጻፈው ሰው፡ የሳሙኤል ኮልሪጅ-ቴይለር ሕይወት

በአውሮፓውያኑ 1912 የጸደይ ወራት ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ በመርከብ የተላከ አንድ ጥቅል ወረቀት ከመድረሻው ሳይደርስ ቀረ። በጥቅሉ ውስጥ የነበረው የአንድ ቫዮሊን ኮንሰርቶ ኖታ ነው፤ እያንዳንዱ የኦርኬስትራ ተጫዋች ከፊቱ ዘርግቶ የሚያነበው የየድርሻው ጽሑፍ። ሥራው በሰኔ ወር በኮኔቲከት ግዛት እንዲቀርብ ቀን ተቆርጦለት ስለነበር፣ ኖታው በጥድፊያ እንደ አዲስ ተገልብጦ ዳግም ውቅያኖሱን እንዲሻገር ተደረገ።

በዚያው ሰሞን ታይታኒክ ሰጥማ ነበር። ጥቅሉም ከእርሷ ጋር ወደ ባሕሩ ወለል ወረደ የሚለው ታሪክ እስከ ዛሬ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። የተጫነው በሌላ መርከብ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ክርክራቸውም ሚዛን የሚደፋ ነው። ቢሆንም የታይታኒኩ ታሪክ በቀላሉ የሚሞት አይመስልም። ከሙዚቃው ቀማሪ ሕይወት ጋር እጅግ ይገጥማልና።

ቀማሪው ሳሙኤል ኮልሪጅ-ቴይለር ይባላል። አባቱ ሴራሊዮናዊ፣ እናቱ እንግሊዛዊት ነበሩ። ስሙ የተወሰደው ስለ ባሕር በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ግጥሞች ሁሉ ምናልባት ዝነኛውን ከጻፈው ሰው ነው። በ37 ዓመቱ ሲሞት በእንግሊዝና በአሜሪካ ስሙን የማያውቅ የመዘምራን ቡድን ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ከሞተ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ደግሞ ስሙን የሚያስታውስ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ።

የገጣሚው ስም

ሳሙኤል የተወለደው ነሐሴ 15 ቀን 1875 በለንደን ሆልበርን በተባለው ሰፈር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ዳንኤል ፒተር ሂዩዝ ቴይለር ሕክምና ለመማር ወደ እንግሊዝ የመጣ የክሪዮ ማኅበረሰብ ተወላጅ ነበር። ክሪዮዎች ከባርነት ነፃ ወጥተው ባሕር ተሻግረው በፍሪታውንና በአካባቢዋ የሰፈሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው፤ ከኖቫ ስኮሺያ የመጡ፣ ከጃማይካ የመጡ፣ ከባሪያ ፈንጋይ መርከቦች ላይ የተወሰዱም ይገኙባቸዋል።

ዳንኤል ልጁ ከመወለዱ በፊት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተመለሰ። ከሳሙኤል እናት ከአሊስ ጋር በጋብቻ አልተሳሰሩም ነበር። ወደ ጋምቢያ ሄዶ በቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ሥር ሲሠራ ቆይቶ እዚያው በ1904 አረፈ። አባትና ልጅ አብረው አልኖሩም።

አሊስ ለልጇ ሳሙኤል ኮልሪጅ ቴይለር የሚል ስም አወጣችለት። ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ በ1798 ስለ አንድ አረጋዊ መርከበኛ ረጅም ግጥም ያሳተመ እንግሊዛዊ ባለቅኔ ነው። በግጥሙ መርከበኛው አንዲት ንጹሕ የባሕር ወፍ ይገድላል፤ በኃጢአቱም መርከቧ በተኛ ውቅያኖስ ላይ ተገትራ ትቀራለች፣ ባልደረቦቹም አንድ በአንድ ያልቃሉ። የእናቲቱ ልጅ የዚህን ባለቅኔ ስም ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ያዘ። በቤት ውስጥ የሚጠራው ኮልሪጅ እየተባለ ነበር። ሁለቱን የመጨረሻ ስሞች ያያያዘችው ሰረዝ ኋላ የመጣች ናት፤ የአንድ አታሚ ስህተት ናት ይባላል። እርሱም ወደዳት መሰል ሳያርማት ቀረ።

ያደገው ከለንደን በስተደቡብ ባለችው በክሮይደን ከተማ፣ በእናቱና በአያቱ ቤት ነው። አያቱ ቤንጃሚን ሆልማንስ የፈረስ ኮቴ ብረት የሚመታ አንጥረኛ ሲሆን ቫዮሊንም ይጫወት ነበር። ለልጁ ትንሽ ቫዮሊን ገዝቶ የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠው እርሱ ነው። ጆሴፍ ቤክዊዝ የተባለ የከተማው የሙዚቃ መምህር አንድ ቀን በመንገድ ዳር ብይ የሚጫወት ጥቁር ልጅ እንዳየ ይተረካል። ልጁ በአንድ እጁ ብይ እየወረወረ በሌላው ቫዮሊኑን አቅፎ ነበር። ቤክዊዝ ወደ ቤቱ ወስዶ ማስተማር ጀመረ።

ቀጥሎም የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ የነበሩት ኮሎኔል ኸርበርት ዋልተርስ ልጁን ተቀበሉት። በ1890 ሳሙኤል በ15 ዓመቱ በለንደን የንጉሣዊው የሙዚቃ ኮሌጅ የቫዮሊን ተማሪ ሆኖ እንዲገባ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ቅንብር ትምህርት ተዛወረ። መምህሩ አየርላንዳዊው ቻርልስ ስታንፎርድ ነበሩ፤ በቁጣቸውም በፍቅራቸውም የሚታወቁ ሰው። አንድ ተማሪ በሳሙኤል ቆዳ ላይ ሲሳለቅ ስታንፎርድ ሰምተው፣ በተሳላቂው መላ አካል ካለው ይልቅ በሳሙኤል ትንሿ ጣት ያለው ሙዚቃ እንደሚበልጥ ነግረው እንዳሳፈሩት ይነገራል። በኮሌጁ አብረውት ከተማሩት መካከል ኋላ ገናና የሆኑት ራልፍ ቮን ዊልያምስና ጉስታቭ ሆልስት ይገኙበታል።

ዘመኑ የባሕር ሙዚቃ ዘመን ነበር። ብሪታንያ የዓለምን የመርከብ መንገዶች ይዛለች፤ ገጣሚዎቿ ስለ ባሕር ይጽፋሉ፤ ቀማሪዎቿ ግጥሙን ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ ያውሉታል። ስታንፎርድ ራሳቸው የቴኒሰንን የባሕር ጦርነት ግጥም በ1886 ለመድረክ አብቅተዋል። ኤድዋርድ ኤልጋር በ1899 አምስት የባሕር ግጥሞችን ለአንዲት ድምፃዊትና ለኦርኬስትራ ቀመረ። ቮን ዊልያምስ ደግሞ የአሜሪካዊውን የዎልት ዊትማንን ግጥሞች ይዞ በ1910 ‹የባሕር ሲምፎኒ›ን በሊድስ ከተማ አቀረበ። በእነዚህ ሥራዎች በአብዛኛው ባሕር ሰፊ፣ ነፃ፣ ድል የሚገኝበት ሜዳ ነው። የሳሙኤል ባሕር ግን ሌላ ነው።

15 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ

ዝና የመጣለት ከባሕር አይደለም። በ1898 ኤልጋር አዲስ ሥራ እንዲያቀርብ በግሎስተር ከተማ የሙዚቃ በዓል አዘጋጆች ሲጠየቅ ጊዜ እንደሌለው ገልጦ በእርሱ ምትክ ወጣቱን ኮልሪጅ-ቴይለርን ጠቆመ። ሳሙኤል ለኦርኬስትራ የጻፈው ‹ባላድ በኤ ማይነር› በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ተደምጦ አዳራሹን አስጨበጨበ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 11 ቀን፣ በተማረበት ኮሌጅ ‹የሃያዋታ የሠርግ ድግስ› የተባለ ካንታታ ቀረበ። ግጥሙ አሜሪካዊው ሎንግፌሎ ስለ ሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የጻፈው ረጅም ትረካ አካል ነው። ያን ምሽት ኦርኬስትራውን የመሩት ስታንፎርድ ነበሩ። በወቅቱ የእንግሊዝ ዝነኛ ቀማሪ የነበሩት ሰር አርተር ሱሊቫን ታመው ሳለ ሊሰሙት መጡ። ቀማሪው ገና 23 ዓመቱ ነበር።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሥራው በየከተማው ተዘመረ። የታተመው ቅጂ በመቶ ሺህዎች ተሸጠ። ሳሙኤል ግን መብቱን ለኖቬሎ ማተሚያ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦት ነበር፤ በ15 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ። ከዚያ በኋላ ከተሸጠው ቅጂ አንዲት ሳንቲም አልደረሰችውም። ለቀጣዮቹ ሁለት የሃያዋታ ክፍሎች የተሻለ ዋጋ ቢቀበልም የመጀመሪያውን ያህል የተወደደ አልነበረም።

በታኅሣሥ 1899 የኮሌጅ ጓደኛውን ጄሲ ዎልምስሊን አገባ። ቤተሰቧ ጥቁር አማች መቀበል አልፈለገም ነበር፤ በኋላ ግን ለቀቅ አለ። የበኩር ልጃቸውን ሃያዋታ ብለው ጠሩት። ኑሮውን የሚደጉመው በማስተማር፣ የመዘምራን ቡድኖችን በመምራትና በየክፍለ ሀገሩ በሚካሄዱ ውድድሮች በዳኝነት በመቀመጥ ነበር። አብዛኛው ሥራው የተጻፈው በባቡር ጉዞዎች መካከል በተገኘ ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1900 ሐምሌ ወር በለንደን ዌስትሚንስተር የከተማ አዳራሽ የመጀመሪያው የፓን-አፍሪካ ጉባኤ ሲካሄድ ሳሙኤል ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነበር። በሙዚቃ ዝግጅቱም ተሳተፈ። የትሪኒዳዱ የሕግ ሰው ሄንሪ ሲልቬስተር ዊልያምስ በጠራው በዚህ ጉባኤ ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስ ከአሜሪካ መጥተዋል። ሄይቲያዊው ቤኒቶ ሲልቬን ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ወኪል ሆነው ተቀምጠዋል። ከዓድዋ ድል አራት ዓመት በኋላ ነውና የኢትዮጵያ ስም በአዳራሹ ውስጥ የነበረውን ክብደት መገመት አያዳግትም። የ24 ዓመቱ ቀማሪ ራሱን አፍሪካዊ ብሎ በአደባባይ መጥራት የጀመረው በእነዚህ ዓመታት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ለንደን ከመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ባለቅኔ ከፖል ሎረንስ ደንባር ጋር ተዋውቆ ግጥሞቹን ወደ ዜማ መልሷል።

ከገደሉ ጫፍ

የመጀመሪያው ትልቅ የባሕር ሥራው በ1902 በሼፊልድ የሙዚቃ በዓል የቀረበው ‹ሜግ ብሌን› ነው። ለአንዲት ሜዞ ሶፕራኖ፣ ለመዘምራንና ለሙሉ ኦርኬስትራ የተጻፈ የባሕር ራፕሶዲ ሲሆን ግጥሙ የሮበርት ቡካናን ነው። ሥራው በባሕር ላይ ላሉ ነፍሳት ሁሉ በሚቀርብ ጸሎት ይከፈታል። ከዚያ ማዕበሉ ይነሣል፤ አንዲት መርከብ ከዓለት ጋር ትጋጫለች። ሜግ ብሌን፣ ጎልማሳ ዓሣ አጥማጅ ሴት፣ ወንዶቹን አስከትላ በዚያ ጨለማ ውስጥ ጀልባ ልታወጣ ትነሣለች።

በዚያ ዘመን በኦርኬስትራ ማዕበል የሚሠራበት የታወቀ ዘዴ ነበር። ቼሎዎችና ደብል ባሶች ከሥር ይንከባለላሉ፤ ቲምፓኒ የሚባሉት ከበሮዎች ከሩቅ እንደሚሰማ ነጎድጓድ ያጉረመርማሉ፤ ዋሽንቶችና ክላርኔቶች በፍጥነት ሽቅብ ወጥተው ቁልቁል ይወርዳሉ። ይህ ሁሉ ከንጹሕ ሙዚቃ ይልቅ ለትዕይንት ይቀርባል የሚሉ ተቺዎች ነበሩ፤ አንዳንድ ጊዜም እውነት አላቸው። በ‹ሜግ ብሌን› ግን ጆሮ የሚይዘው ማዕበሉ አይደለም። ከዳር ቆመው የሚያዩት ሰዎች ናቸው። መዘምራኑ የሚናገሩት እንደ መርከበኛ ሳይሆን እንደ ጠባቂ ነው።

በ1908 ‹ሲ ድሪፍት› በሚል ርእስ የጻፈውም ሥራ ከዚሁ ቦታ የሚነሣ ነው። ፍሬድሪክ ዴሊየስ ከዊትማን ግጥም በተመሳሳይ ርእስ ከጻፈው ታላቅ የኦርኬስትራ ሥራ ጋር ሊምታታ አይገባም። የሳሙኤሉ ያለ መሣሪያ በስምንት ድምፅ የሚዘመር ሲሆን ግጥሙ የአሜሪካዊው ቶማስ ቤይሊ ኦልድሪች ነው። የአንድ ዓሣ አጥማጅ ሴት ልጅ በእርጥብ አሸዋ ላይ ቆማ በወጀብ ሌሊት ወደ ውኃው ትመለከታለች። ኦርኬስትራ የለም፤ ነፋሱንም ሞገዱንም ጩኸቱንም የሚሠራው የሰው ድምፅ ብቻ ነው።

ሁለቱንም ሥራዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ቀማሪው የመረጠውን ነገር ልብ ማለቱ አይቀርም። ግጥም የመምረጥ ነፃነቱ በእጁ ነበር፤ የአድሚራሎች ገድልና የጀግኖች መርከብ የሞላባቸው መጻሕፍት በየመደብሩ ነበሩ። እርሱ የመረጠው ሁለት ጊዜም በባሕር ዳር የቆመች ሴት ናት። የአሊስን ታሪክ አስቦ ነው ብሎ ለመደምደም የሚያስችል ደብዳቤ አልተወም። አባቱ ባሕር ተሻግሮ ያልተመለሰ፣ በእናቱ እጅ ያደገ ልጅ መሆኑን ግን አንባቢ ሊረሳው አይችልም።

ይህ ጽሑፍ የሚነበብባቸው አብዛኞቹ ቦታዎች ባሕር የላቸውም። ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የናይሮቢ ሰፈሮች አንዱ ከሆነው ከኪሌሌሽዋ እስከ ሞምባሳ ጠረፍ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎንደርና ከደሴ እስከ ቀይ ባሕርም መንገዱ ቀርቦ አያውቅም። ነገር ግን በቀይ ባሕር ወደ የመን፣ በሜዲትራኒያን ወደ ጣሊያን የሄደ ሰው ስልክ እስኪደውል የሚጠብቅ ቤት በእነዚህ ሰፈሮች ሁሉ አለ። ‹ሜግ ብሌን›ን ለመረዳት ማዕበል አይቶ ማወቅ ግድ አይልም።

ሐበሻዊቷ ልጃገረድ

በሁለቱ መካከል፣ በ1906፣ ሳሙኤል ስሙን ወደተዋሰው ባለቅኔ ተመለሰ። የኮልሪጅን ‹ኩብላ ካን› ለድምፃዊ፣ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ ቀመረው።

ይህ ግጥም ለአማርኛ አንባቢ ልዩ ነገር አለው። ባለቅኔው እንደተናገረው መድኃኒት ወስዶ ስለ ሞንጎሉ ንጉሥ ቤተ መንግሥት በጥንታዊ የጉዞ መጽሐፍ እያነበበ ሳለ እንቅልፍ ወሰደው፤ በሕልሙም መቶዎች ስንኞች መጡለት። ነቅቶ መጻፍ እንደጀመረ ለጉዳይ የመጣ እንግዳ አቋረጠው፤ ሲመለስ የቀረው ከአእምሮው ጠፍቶ ነበር። የተረፈው 54 ስንኝ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ቅዱስ ወንዝ በማይለኩ ዋሻዎች ውስጥ ፈስሶ ፀሐይ ወደማያያት ባሕር ይገባል። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ አንዲት ሐበሻዊት ልጃገረድ ዳልሲመር የተባለ ባለ አውታር መሣሪያ እየመታች ስለ አንድ ተራራ ታዜማለች። ባለቅኔው የእርሷን ዜማ በውስጡ መልሶ ቢያገኘው የጠፋውን ቤተ መንግሥት በአየር ላይ እንደሚሠራ ይመኛል።

ተራራው በታተመው ግጥም አቦራ ይባላል። በኮልሪጅ እጅ በተጻፈው ቅጂ ላይ ግን አማራ የሚል ይነበባል። አውሮፓውያን የአማራ ተራራ የሚሉት የኢትዮጵያ ነገሥታት ልጆች በግዞት ይጠበቁበት የነበረውን በዛሬው ወሎ የሚገኘውን አምባ ግሸንን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈው ወሬ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተላለፈና እየተጋነነ ምድራዊ ገነት ሆነ። ሚልተን ‹የጠፋችው ገነት› ውስጥ ጠቅሶታል። የሳሙኤል ጆንሰን ራስላስም የሚጀምረው በዚህ ዓይነት ሸለቆ ውስጥ በታሰረ ልዑል ነው። በ1790 የታተመው የስኮትላንዳዊው የጄምስ ብሩስ የዓባይ ምንጭ ጉዞ መጽሐፍም በኮልሪጅ ዘመን በሰፊው ይነበብ ነበር።

እንግዲህ ነገሩን እናስበው። ኢትዮጵያን ያላየ እንግሊዛዊ ባለቅኔ ከመጻሕፍት የሰበሰባትን ሐበሻዊት ልጃገረድ ያዘፍናታል። መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ አፍሪካን ያላየ የአፍሪካዊ ልጅ፣ የባለቅኔውን ስም የተሸከመ፣ ለእርሷ ሙዚቃ ይጽፍላታል። ሙዚቃው ከበገናም ከክራርም ጋር ግንኙነት የለውም፤ የለንደን ኮሌጅ ያስተማረው የምዕራቡ ዓለም ቅንብር ነው። ‹ኩብላ ካን› ከምርጥ ሥራዎቹ መካከል የሚቆጠርም አይደለም። ያም ሆኖ በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ብዙ የለም።

የአትላንቲክ ማዶ

በ1901 በዋሽንግተን ከተማ ጥቁር አሜሪካውያን የመዘምራን ማኅበር አቋቁመው በስሙ ሰየሙት። ማሚ ሂልየር የተባለች ሴት ወደ ለንደን ሄዳ ሳሙኤልን ካገኘች በኋላ የፈጠረችው ማኅበር ነው። ጥሪው ደጋግሞ ደረሰውና በ1904፣ አባቱ በሞተበት ዓመት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አትላንቲክን ተሻገረ።

ወደ 200 የሚጠጉ ጥቁር ዘማሪያን በዋሽንግተን መድረክ ላይ ቆመው ሃያዋታን ሲዘምሩ አጃቢው የአሜሪካ ማሪን ሠራዊት ባንድ ነበር፤ መሪውም ጥቁር ሰው። በባቡር ጥቁሮችና ነጮች ተለይተው በሚቀመጡበት፣ የስቅላት ግድያ በየጊዜው በሚሰማበት ዘመን የተደረገ ነው። ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በዋይት ሐውስ ተቀበሉት። ፕሬዝዳንቱ ከሦስት ዓመት በፊት ቡከር ቲ ዋሽንግተንን ራት በመጋበዛቸው ከደቡብ ግዛቶች የተነሣባቸውን ውርጅብኝ አልረሱትም ነበር።

ሳሙኤል በ1906 እና በ1910 ዳግም ተሻገረ። በመካከሉ፣ በ1905፣ 24 የጥቁሮች ዜማዎችን ለፒያኖ አቀናብሮ አሳተመ፤ መቅድሙን ዋሽንግተን ጻፉለት። ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከአሜሪካ የተሰበሰቡ ናቸው። ብዙዎቹ የባሪያ መዝሙሮች በአምስት ድምፅ ላይ የቆሙ ስለሆኑ የእኛን ቅኝቶች የለመደ ጆሮ በቅርብ ዘመድነት ይሰማቸዋል። በተለይ ጥልቁን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቤት ስለ መግባት የሚዘመረው ከሁሉ ይልቅ በሰፊው ተደምጧል።

በእንግሊዝ ቤቱ ግን በክሮይደን ጎዳናዎች ሲያልፍ ወጣቶች ይሰድቡት ነበር። ሴት ልጁ አቭሪል ኋላ እንደተረከችው፣ እነዚያን ልጆች ሲያይ የእርሷን እጅ አጥብቆ ይይዝ ነበር። በሞተበት ዓመት በከተማው ጋዜጣ ላይ ጥቁሮችን ዝቅ አድርጎ የቀረበ ንግግር ሲዘገብ በስሙ ፈርሞ ጠንካራ ምላሽ ጽፏል።

የመጨረሻው ኮንሰርቶ

በመጨረሻ ዓመታቱ ልቡ ወደ መጀመሪያ መሣሪያው፣ ወደ ቫዮሊን፣ ተመለሰ። አሜሪካዊቷ ቫዮሊን ተጫዋች ሞድ ፓውል እንድትጫወተው ኮንሰርቶ ጀመረ። በመዝሙሮቹ ላይ የተመሠረተው የመጀመሪያ ረቂቅ አልጣመውም፤ ወደ ጎን ትቶ ሌላ ጻፈ። መንገድ ላይ የጠፋው ኖታ የዚህ የሁለተኛው ነው። ፓውል በሰኔ 1912 በኮኔቲከት ኖርፎክ ተጫወተችው። ቀማሪው በቦታው አልነበረም።

ነሐሴ 28 ቀን በዌስት ክሮይደን ባቡር ጣቢያ ተዝለፍልፎ ወደቀ። እንደ ምንም ወደ ቤቱ ተመለሰ። የሳምባ ምች ነበር። መስከረም 1 ቀን 1912 አረፈ። በመጨረሻዋ ቀን በትራስ ተደግፎ እጆቹን እያወዛወዘ በምናቡ የነበረውን ኦርኬስትራ ይመራ እንደነበር ቤተሰቡ ተርኳል፤ የሚመራውም ያንኑ ኮንሰርቶ ነበር ይባላል። ለንደን ሥራውን የሰማችው በጥቅምት፣ እርሱ ከተቀበረ በኋላ ነው።

ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ከሃያዋታ የሚያገኙት ገቢ አልነበረም። በኅዳር ወር በሮያል አልበርት አዳራሽ የመታሰቢያ ኮንሰርት ተደርጎ ከ1,400 ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። ንጉሥ ጆርጅ 5ኛም ለጄሲ በዓመት 100 ፓውንድ ጡረታ ፈቀዱላት። በመቶ ሺህዎች የተሸጠ ሥራ ደራሲ ቤተሰብ በእርዳታ መኖሩ ሙዚቀኞችን አስቆጣ። በ1914 በብሪታንያ የሙዚቃ ደራሲያንን ክፍያ የሚሰበስብ ማኅበር ሲቋቋም የእርሱ ታሪክ በክርክሩ ውስጥ ደጋግሞ ይነሣ ነበር። በአዲስ አበባ ስለ ሮያሊቲ ክፍያ የሚሟገቱ የሙዚቃ ባለሙያዎች ጉዳዩን ቢሰሙት አዲስ አይሆንባቸውም።

ከ1924 ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መባቻ ሃያዋታ በየክረምቱ በአልበርት አዳራሽ በአልባሳት እየታጀበ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዘማሪያን ይቀርብ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ልማዱ ተቋረጠ፤ የቀማሪውም ስም አብሮ ደበዘዘ። በ2015 የተመሠረተው፣ አብዛኞቹ አባላቱ ጥቁርና የሌላ ብሔረሰብ ተወላጆች የሆኑበት የለንደኑ ቺኔኬ ኦርኬስትራ ባላዱንና ሌሎች ሥራዎቹን መልሶ ወደ መድረክና ወደ ቅጂ አምጥቷል። የባሕር ሥራዎቹ ተራ ገና አልደረሰም፤ ‹ሜግ ብሌን› እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ይሰማል።

ሳሙኤል ሦስት ጊዜ አትላንቲክን ቢሻገርም የአባቱን አገር አላየም። ልጁ አቭሪል የሙዚቃ ቀማሪና ኦርኬስትራ መሪ ሆነች። በ1952 ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዳ በነጭነት ተቀብለዋት ስትሠራ ቆይታ፣ አያቷ አፍሪካዊ መሆኑ ሲታወቅ ሥራ ተከለከለች። በ1957 ጋና ነፃ ስትወጣ ለበዓሉ የሰልፍ ሙዚቃ ጽፋለች።